ካፒቴኑ ያዩት መብራት

አሥራ ሰባት ተሳፋሪ የያዘችው ትንሽ አውሮፕላን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደመናው ውስጥ ገባች። ከፊት መስታወቱ ወዲያ የሚታይ ነገር ጠፋ፤ ዝናቡ ብቻ ይገርፋል።

በግራ ወንበር የተቀመጡት ካፒቴን ሠላሳ ዓመት በርረዋል። በቀኝ ያለችውን ረዳት አብራሪም ከሀ ሁ ጀምሮ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። በቁመቷ እየቀለዱ «ድንቢጥ» ይሏታል፤ እሷ ደግሞ «ጋሼ» ትላቸዋለች።

የሚያርፉበት ሜዳ አንዲት ማማና አንድ ማኮብኮቢያ ብቻ ያለው ነው። በእንዲህ ያለ ቀን የሚታመነው ዓይን ሳይሆን መሣሪያ ነው። የመሣሪያው መርፌ መሃል ከቆመች መንገዱ ልክ ነው፤ ወደ ግራ ከሸሸች ማኮብኮቢያው በግራ ቀርቷል። እስከ አራት መቶ ጫማ ከፍታ ወርደው ማኮብኮቢያው ካልታየ ሳያንገራግሩ ወደ ላይ መመለስ ነው።

«ስድስት መቶ» አለች ረዳቷ።

«አየሁት!» አሉ ካፒቴኑ። በቀኝ በኩል፣ በደመናው ስንጥቅ፣ ሁለት ረድፍ መብራት ብልጭ ብሎ ነበር። አውሮፕላኗን ወደዚያው አዞሩ። መርፌዋ ወደ ግራ ሸሸች።

«ጋሼ፣ መርፌዋ ግራ ሄዳለች። ያ የኛ አይመስለኝም።»

«ማኮብኮቢያው ካልሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«አራት መቶ። ጋሼ፣ እንመለስ።»

ካፒቴኑ መውረዳቸውን ቀጠሉ። ዓይናቸው መብራቱ ላይ ተተክሏል።

«ጋሼ! ሦስት መቶ!»

እጇ መሪው አጠገብ ደርሶ ቆመ። «መቶ ሃምሳ» አለች፤ ከዚያ «መሪውን ይዣለሁ!» ብላ ጮኸችና የሞተሩን ኃይል እስከ ጥግ ገፍታ መሪውን ወደ ደረቷ ሳበች።

በዚያች ቅጽበት ደመናው ከሥራቸው ተቀደደ። ማኮብኮቢያ አልነበረም። የመኪና መንገድ ነው፤ ግራና ቀኝ የመብራት ምሰሶ የተተከለበት፣ መሃሉ በጭነት መኪና የተሞላ። አንድ ሾፌር በሩን ከፍቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ወደ ላይ ያያቸዋል። አንዲት ሴት ጃንጥላዋን ጥላ ሮጠች። ወዲያው አውሮፕላኗ ተመልሳ ደመናው ውስጥ ገባችና ሁሉም በነጭ ተሸፈነ።

ካፒቴኑ ሁለት እጃቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«መንገድ ነው እንዴ?» አሉ፣ እንደ ሕፃን። «ድንቢጥ፣ መንገድ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ለሁለተኛ ጊዜ ሲወርዱ መሪው በሷ እጅ ነበር፤ ካፒቴኑ ከፍታ ይቆጥራሉ። መርፌዋ ከመሃል ሳትነቃነቅ ማኮብኮቢያው ከፊታቸው ወጣ። ጎማው መሬት ሲነካ ተሳፋሪው ምንም ሳያውቅ አጨበጨበ። አንዲት ባልቴት ሲወርዱ የካፒቴኑን እጅ ይዘው «የወለደችህ ትባረክ!» አሉ። ካፒቴኑ ክው ብለው ቆሙ።

በማማው ሥር ባለችው ጠባብ ቢሮ የስህተት ሪፖርት የሚሞላበትን ወረቀት ካፒቴኑ ራሳቸው ጠየቁ።

«ጋሼ፣ ደመናው ነው እንበል» አለች ረዳቷ።

«ደመናው ምን አደረገ? መርፌዋ ነገረችኝ፣ አንቺም ነገርሽኝ» አሉና ሁሉንም አንድ ሳያስቀሩ ጻፉ።

ከሳምንት በኋላ መርማሪዎች ሁለቱንም አስቀምጠው በበረራው ጊዜ በአብራሪዎቹ ክፍል የተቀዳውን ድምፅ አሰሟቸው። እሷ እንደሚያመሰግኗት እርግጠኛ ነበረች። አንደኛው መርማሪ ግን የቅጂውን ሰዓት አይቶ «አራት መቶ ጫማ ላይ ስህተቱን አውቀሻል። መሪውን የያዝሽው ከሃያ ሰከንድ በኋላ ነው። ለምን ጠበቅሽ?» አላት።

ሃያ ሰከንድ! ለሷ አንድ ትንፋሽ ነበር የመሰላት።

«ጋሼ ስለሆኑ» አለች።

ካፒቴኑ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

እሳቸው ለስድስት ወር ከበረራ ታግደው ወደ ሥልጠና ተመለሱ። እሷ በቀጣዩ ሰኞ ከሌላ ካፒቴን ጋር ተመደበች። ሞተር ከመነሳቱ በፊት ወደሱ ዞረች።

«አንዴ ተናግሬ ካልሰሙኝ መሪውን እይዛለሁ።»

ሰውየው ደንግጦ አያት። «ገና ሳንነሳ?» አለ፤ ቀበቶውን እያጠበቀ «እሺ፣ ተስማምተናል» ሲል ጨመረ።