የሰፋው አንገት

አባቴ የቤዝ ጊታሩ አንገት ሰፋብኝ ያለው ዝናቡ በበረታበት ሰሞን፣ ቁርስ ላይ ነበር። የተናገረውም በእርጥበት አብጦ አልዘጋ ስላለ የጓዳ በር የሚያወራ ሰው ያህል ዘና ብሎ ነው።

"እንጨቱ አብጧል፤ ፒክአፑም ደክሟል" አለ ሻዩን እያማሰለ። "ክሩን ስመታው ድምፁ እንደ ድሮው አይወጣም።"

"ዕቃውም ያርጅ እንጂ" አለች እናቴ እየሳቀች። "አንተ ብቻህን ታረጃለህ?"

እኔ አልሳቅሁም። ምህንድስና የማጠና ልጅ ነኝና፣ እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ምን እንደሚሆን፣ ከክሮቹ ሥር ተቀምጦ ንዝረታቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው የሚልከው የፒክአፑ ማግኔትም በዕድሜ ብዛት ኃይሉን ሊያጣ እንደሚችል አሰብኩ። የሚያሳምን መሰለኝ። ከዚያም በላይ፣ አባቴ ስለዚያ ጊታር ተናግሮ ሲሳሳት ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የሙዚቃ ቡድኑ ባልደረቦች አባቴን "ምሰሶ" ይሉታል። ዘፋኞች መጥተው ሄደዋል፤ መሪዎች ተቀያይረዋል፤ እሱ ግን ከድራሙ ጎን፣ ያንኑ ጊታር አንግቶ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ቆሟል። አሁን ቡድኑ ከከተማ ከተማ ለሚዞርበት ረጅም ጉዞ እየተሰናዳ ነበር፤ ኪቦርድ የሚጫወተው ወጣቱ መሪም ተጠባባቂ መሣሪያ ያልያዘ ሰው መኪናው ላይ እንዳይወጣ አዝዟል። ሁለተኛ ጊታር ይዞ የማያውቀው አባቴ ትእዛዙን ያለማጉረምረም ተቀበለ። "ከዚህ ጉዞ ከቀረሁ" አለኝ ወደ ሱቁ ስንሄድ፣ "በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ይለምዳሉ። ሰው ደግሞ የለመደውን አይለቅም።"

ሦስት ሆነን ነበር የሄድነው፤ አባቴ፣ እኔና ድራም መቺው። ድራም መቺውን ነጎድጓድ ነው የምንለው፤ ሲናገርም ሲመታም አንድ ነው። የአባቴ የልብ ወዳጅ ነው። ከቤተ ሙከራ ተውሼ የያዝኩትን የስፋትና የውፍረት መለኪያ፣ ካሊፐሩን፣ ከቦርሳዬ ሳወጣ ሲያይ፣ "የወንድሜ ልጅ፣ ጊታር ልታስመርጪው ነው ወይስ ሱሪ ልትሰፊለት?" አለኝ።

"በግምት ከመግዛት በልክ መግዛት ይሻላል፣ ጋሼ።"

"አባትሽ እኮ እናትሽንም ሳይለካ ነው ያገባት።"

"እሷ ናት የለካችኝ" አለ አባቴ።

ሱቁ ጠባብና ረጅም ነው። ጊታሮቹ በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው መተላለፊያውን እንደ ሰልፈኛ አጅበውታል፤ በስተመጨረሻ መጠገኛ ጠረጴዛ አለ፤ ቫርኒሽና የቀለጠ የመበየጃ እርሳስ ይሸታል። ባለሱቋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሽቦ ትበይድ ነበር።

"ምሰሶ፣ ምን እግር ጣለህ?"

"ተጠባባቂ ፈልጌ ነው። የኔው አንገቱ ሰፋ፤ ፒክአፑም ሞተ።"

"ፒክአፕ ሲል ጭነት የሚያመላልሰው መኪና እንዳይመስልሽ" አለ ነጎድጓድ። "እሱንማ ብንገዛ የኔን ድራም በጫንንበት ነበር።"

ባለሱቋ አልሳቀችም፤ ወደ ሥራዋ ገብታለች። "ተጠባባቂ ከሆነ ዋናውን የሚመስል መሆን አለበት" አለች። "መድረክ ላይ ክር ቢበጠስብህ እጅህ በጨለማ እንደ ገባ እንግዳ በር መዳበስ የለበትም። የአንገቱ ስፋት አንድ ይሁን፤ ሌላው ይደረስበታል።" ይህን ብላ ከግድግዳው አንድ ቤዝ አወረደች። በሥሪቱም በሞዴሉም የአባቴ ጊታር ወንድም ነበር፤ ልዩነታቸው አዲስነቱ ብቻ ነው።

አባቴ ጊታሩን ከእጇ ተቀበለ፤ ግራ እጁን በአንገቱ ላይ አንሸራተተና ፊቱን አጨማደደ። "ይሄም ሰፍቷል።"

"ትናንት ነው ከካርቶኑ ያወጣሁት።"

"መጋዘን ውስጥ እርጥበት አግኝቶታል።"

ባለሱቋ ወደ ነጎድጓድ አየች። ነጎድጓድ ወደ ጣራው አየ። አባቴ ግን ጊታሩን መልሶ፣ ዕድሜውን ሙሉ "የማንኪያ እጀታ" እያለ ሲያፌዝ ወደኖረባቸው ባለ ቀጭን አንገት ቤዞች ሄደ፤ አንዱን አነሣ፤ ጣቶቹ አንገቱን ሲጨብጡ በፊቱ ላይ ያየሁት እፎይታ የጠበበ ጫማ ያወለቀ ሰው እፎይታ ነበር። "ይኸው" አለ። "የኔው ድሮ እንዲህ ነበር።"

ነገሩን ለመቁረጥ ብዬ ካሊፐሬን ከፈትኩ። የአባቴን ጊታር ጠረጴዛው ላይ አስተኝቼ፣ ክሮቹ ከጊታሩ ራስ በታች በሚያልፉበት ነጭ አጥንት ላይ ለካሁት። "አርባ አራት ሚሊሜትር" አልኩ ጮክ ብዬ። ከዚያ አዲሱን ለካሁ። አርባ አራት። ከዚያ ቀጭኑን፤ ሠላሳ ስምንት።

"እንደገና ለኪ" አለ አባቴ።

እንደገና ለካሁ። በመሐሉም፣ ከአካሉ ጋር በሚገጥምበትም፣ በጀርባው ውፍረትም ለካሁት። አሮጌውና አዲሱ አንድም ቦታ ላይ አልተለያዩም። ቁጥሮቹን የምጠራበት ድምፅ በራሱ እየቀነሰ ሲሄድ ይሰማኝ ነበር፤ የማነበው የእንጨት ስፋት እንዳልሆነ ቀስ በቀስ እየገባኝ ነበርና።

"ይሁን፤ አንገቱ ይቅር" አለ አባቴ ፈጠን ብሎ። "ፒክአፑን ግን ራሳችሁ ስሙት።" ጊታሩን ድምፅ ማጉያው ላይ ሰካና ወፍራሙን ክር በግራ እጁ ተጭኖ መታ። ድምፁ ከግድግዳ ወዲያ እንደሚሰማ ንግግር ደበዘዘ። "አያችሁ? ሞቷል።"

ባለሱቋ አንድም ቁልፍ ሳትነካ ጊታሩን ከእጁ ተቀበለችና ያንኑ ክር ተጭና በጣቷ ሳበችው።

የመደርደሪያው መስታወት ተንቀጠቀጠ። ወለሉ በጫማዬ በኩል ነዘረኝ። በግድግዳው የተሰቀሉት ጊታሮች ሁሉ ክሮቻቸው አብረው አጉረመረሙ። አባቴ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ፣ የሌላ ሰው ዕቃ በስሕተት እንደተቀበለ ሁሉ ትክ ብሎ ያያቸው ነበር። የግራው ትንሽ ጣት ከሌሎቹ ጋር ሊዘረጋ አልቻለም። ያን ጣት በየቀኑ ገበታ ላይ አያለሁ፤ ሳላየው ኖሬያለሁ።

"ነጎድጓድ" አለ በመጨረሻ።

"አቤት።"

"አንተ ከጎኔ ነው የምትቀመጠው።"

ነጎድጓድ ያ ሁሉ ድምፁ የት እንደገባ እንጃ። "በእግሬ ነበር" አለ። "ያንተ ኖታ ሲጠፋ ትልቁን ከበሮ በእግሬ እደርብበታለሁ። ከሩቅ ለሚሰማ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካለፈው ዓመት ዝናብ ጀምሮ።"

"ከበሮ ምት እንጂ ዜማ የለውም" አለ አባቴ። "ዜማውን ማን ሞላው?"

አባቴ ስልኩን አውጥቶ ለመሪው ደወለ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍቶም ስልኩን ማጉያው ላይ አስቀመጠው። ልመናም ቁጣም በሌለበት ድምፅ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትዋሸኝ" አለው። "የኔን መስመር አንተ ነህ የምትጫወተው?"

ከወዲያኛው ጫፍ የበር መዘጋት ተሰማ፤ መሪው ሰው ካለበት ክፍል እየወጣ ነበር። "ጋሼ… በግራ እጄ፣ ሲያስፈልግ ብቻ። እንዳይከፋዎት ብለን ነው።"

"ብለን?"

"ሁላችንም።"

ጣራውን ተሸክሟል የምንለውን ምሰሶ ጣራው አንጠልጥሎ ይዞት ኖሯል፤ ይህንንም ከምሰሶው በስተቀር ሁሉም ያውቁ ነበር።

ነጎድጓድ ሊያጽናና ብሎ፣ "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ" አለ።

"እኔን የገደለኝም እሱው ነው" አለ አባቴ። "እጅማ እጅ ነው፤ ይታመማል፤ ሐኪም ያየዋል። ግን የዚህን ልጅ ኪቦርድ የኔ ቤዝ ነው እያልኩ ስሰማ ከረምኩ። ሙዚቀኛ ነኝ ባይ ነኝ። በየምሽቱ ደስ ብሎኝ ወደ ቤት እገባ ነበር።"

ባለሱቋ ሁለት ባለ ቀጭን አንገት ቤዞች ጎን ለጎን አስቀመጠች። "ጣትህ እንዲደርስ አንገቱ ጠባብ መሆን አለበት፤ ይኼ አያከራክርም" አለች። "ልዩነቱ ፒክአፓቸው ላይ ነው። የዚህኛው ወፍራም ነው፤ ቀለል አድርገህ ብትነካው እንኳ ያገሳል፤ ድምፁ እርስ በርሱ ስለሚተቃቀፍ ስሕተት ይሸፍናል። የዚያኛው ሁለት ቀጫጭን ናቸው። ጥርት ያለ ነው፤ ጥፍርህ ክሩን ሲጭረው ሳይቀር ይናገራል። ምሕረት አያውቅም።"

"የሚሸፍነውን ውሰድ" አለ ነጎድጓድ ወዲያው። "ጉዞው ደርሷል። ማን ይሰማል?"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እውነት መነገር አለበት ብዬ ከጓደኞቼ ጋር ስሟገት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በዚያች ቅጽበት ግን የመጀመሪያውን እንዲወስድ፣ ማንም ምንም እንዳይሰማ፣ ሁላችንም ወደ ቁርሳችን ጠረጴዛ እንድንመለስ ከልቤ ተመኘሁ።

"አንቺስ የትኛውን ትያለሽ?"

"አላውቅም፣ አባዬ።"

"እኔ አውቃለሁ" አለና ምሕረት የማያውቀውን አንግቶ ሰካው።

ከቡድኑ ፈጣን ዜማዎች አንዱን ጀመረ። መጀመሪያው ደህና ነበር፤ አንገቱ በእርግጥም ተመችቶታል። ከዚያ እጁ ወደ ላይ መዝለል ያለበት ቦታ ደረሰና አንድ ኖታ ጠፋ። ሌላም ጠፋ። ነጎድጓድ ሳያስበው በጫማው ወለሉን መታ።

"እግርህን" አለ አባቴ ሳያቆም።

ነጎድጓድ እግሩን በእጁ ያዘው። ከዚያ በኋላ የሰማሁት አስደንጋጭ ነበር። ጥርሱ የወላለቀ ሰው ሲናገር እንደምንሰማው፣ ቃሉ ይገባናል፤ ነፋሱ ግን በመሐሉ ያልፋል። ያን ዜማ በአዳራሽ ተቀምጬ ስንት ጊዜ አጨብጭቤለታለሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን አንድም ጊዜ ሰምቼው አላውቅም ማለት ነው። አባቴ እስከ መጨረሻው ተጫወተው፤ ከግንባሩ ላብ ይወርድ ነበር፤ ፊቱ ግን የሚያዳምጥ ሰው ፊት ነበር።

ሲጨርስ ማጉያው ላይ ያለው ስልክ ተናገረ። "ጋሼ፣ አልዘጋሁትም።"

"ሰማህ?"

"ሰማሁ።"

"እንግዲያው ተናገር። ይሉኝታህን ተወው።"

መሪው ትንፋሹን ሲስብ ተሰማን። "ፈጣኖቹ አይሆኑም" አለ።

ነጎድጓድ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ማንም ያላየው ይመስል ሁለት ጊዜ ነቀነቀ። ከዚያ ሳይጠየቅ ዝግ ያለ ዜማ ጀመረ፤ ክሮቹን የሚጎትት ሳይሆን የሚያግባባ ይመስል ነበር። አብዛኛው ወጣለት። አንድ ቦታ ላይ ግን ትንሹ ጣት ሳይደርስ ቀረና ዝምታ ገባበት።

"ይሄስ?"

"ይሄ ይሆናል። አንድ ቦታ ላይ ይጎድላል።"

"ትሞላዋለህ?"

"ካልፈለጉ አልሞላም።"

"ለፈጣኖቹ ልጅ ፈልግና ይዘኸው ና፤ እኔ አስጠናዋለሁ። ለዝግተኞቹ እኔ እመጣለሁ፤ እንደዚሁ ጎደሎዬን ይዤ። ሕዝቡ ከሳቀ ይሳቅ፤ ቢያንስ የሚስቀው በኔ ነው። ይኼ ካልሆነ ግን አሁኑኑ ንገረኝ፤ ጊታሩን ልስቀለው።"

"መኪናው ላይ ቦታ አለዎት፣ ጋሼ። ለልጁም አለ።"

"መጀመሪያ ሐኪም ቤት" አልኩ።

"ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን" አለ አባቴ ሳያየኝ። "የወንድሜ ልጅ የምትላት ይቺ ልጅ አለቃችን ሆነችልህ፣ ነጎድጓድ። በል ዙር። ዝግ ያለችውን ቁጠርልኝ።"

ነጎድጓድ ዞረ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት ጣቶቹ እየመታ ቆጠረለት፤ አባቴም ከመጀመሪያው ጀመረ። ሁላችንም ያቺ ቦታ እየቀረበች ስትመጣ እናውቅ ነበር። ባለሱቋ የያዘችውን ሽቦ አስቀመጠች። ከስልኩ በኩል ምንም አልተሰማም። ጉድለቱ በቦታው መጣ፤ ማንም አልሞላውም።