የጎሚስታው ቅልጥም

እንደሱ ያለ ችኮ ሰው አይታችሁ አታውቁም። ጎሚስታው ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲፈታና ሲለጥፍ ይውልና፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ያንኑ ጎማ ግድግዳ አስደግፎ በእግሩ ይጠልዘዋል። ካራቴ መሆኑ ነው! አስተማሪው ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ የመጋዘን ጠባቂ፣ ባዶ በርሜል ላይ ቁጭ ብለው "ወደኋላ አትበል! ምት ሲመጣ ግባበት፣ ቅልጥምህን ስጠው!" ይሉታል።

ሰፈሩ በሳቅ ይሞታል። ምት ሲመጣ የሚሸሽ እንጂ የሚገባበት ማን አለ? ባለቤቱም አትምረውም፤ "አንተ ሰውዬ፣ እያሞኙህ ነው። ለመሆኑ እሳቸው ገጥመው ያውቃሉ?" ትለዋለች። ያቺ ነገር ሆዱ ገብታ ትከነክነው ጀመር። ጋሼ ያስተማሩት እውነት ነው ወይስ ጭፈራ? ጉብዝናውን ያፈሰሰበትን ነገር ሳያውቅ ሊያረጅ ነው እኮ! ለማወቅ ደግሞ የምር የሚመታ ሰው ፊት መቆም አለበት።

ግን የት ተገኝቶ! የጠየቀው ስፖርት ቤት ሁሉ ያለው የነጥብ ውድድር ነው፤ ቡጢው ገላ ሳይነካ አየር ላይ መቆም አለበት። ቢጨንቀው አንዱ ላይ ተመዘገበ። ተጋጣሚው እግሩን ሲያነሳ፣ ልማድ አይደል፣ ገባበትና ደረቱ ላይ ቡጢ አቀመሰው። ጎረምሳው ተዘረረ። ዳኛው ጎሚስታውን አባረረው፤ የጎረምሳው እናት ደግሞ ጫማዋን አውልቃ እስከ በሩ ሸኘችው።

"ይቅርብህ፣ ገና ነህ" አሉት ጋሼ ሲነግራቸው። መልሳቸው ሁልጊዜ "ገና ነህ" ነው።

አንድ ቀን የከባድ መኪና ሾፌር ጎማው ፈንድቶበት መጣ። ጎሚስታው ሱሪውን ጠቅልሎ ሲሰራ ሾፌሩ የደደረ ቅልጥሙን አየና "ይሄ ምን የመታው ነው?" አለው። ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። "ታዲያ እኛ ከተማ አትመጣም? ፉል ኮንታክት ነው የሚሉት። ፊትን በቡጢ መምታት ብቻ ክልክል ነው፣ ሌላው የምር ነው። ለማንም ክፍት ነው፤ የፊታችን እሁድ አለ።"

ክሪኩ ከጎሚስታው እጅ ወደቀ።

ጋሼን እየለመነም እየጎተተም የሾፌሩ መኪና ላይ ጫናቸው።

አዳራሹ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ገና በሩ ላይ ድምፁ ተቀበላቸው፤ ቅልጥም ጭን ላይ ሲያርፍ እርጥብ ምንጣፍ በዱላ የሚመቱ ይመስላል። ወይ ጉድ! አንዲት ሴት ደረቷ ላይ ቡጢ እየዘነበባት ፈገግ ትላለች። የተዘረረው ተነስቶ ለጣለው ሰው እጅ ይነሳል፣ ተቃቅፈው ይወጣሉ። "እንዲህ ያለ ዓለምም አለ?" አለ ጎሚስታው፤ እንባው መጣበት።

ተራው ደረሰ። ተጋጣሚው ዳቦ ጋጋሪ ነው አሉት፤ አጭር፣ ደንደን ያለ ሰው። የመጀመሪያው ምት ጭኑን ሲያገኘው ዓይኑ ጨለመ። እናቴ ድረሽ! ጎማ መልሶ አይመታማ! ሁለተኛው ሲደገም እግሩ ከዳው፣ ወደኋላ ሊል ሆነ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል "ግባበት!" የሚል የጋሼን የተሰበረ ድምፅ ሰማ።

ገባበት። ቅልጥሙን ሰጠው። የጋጋሪው ምት አጥንቱ ላይ አርፎ እዚያው ሞተ፤ ሰውዬው እያነከሰ ዓይኑን አፍጥጦ አየው። አዳራሹ ባንድ ጊዜ "ኡ!" አለ።

በመጨረሻ ዳኞቹ ባንዲራቸውን ለጋጋሪው አነሱ። ይገባዋል፣ ብዙ መትቷል። እሱ ግን እያነከሰ መጥቶ ጎሚስታውን አቀፈው። "ይሄን ቅልጥም ማን ነው የሰራልህ? በናትህ እኔንም ያስተምረኝ" አለው። ጎሚስታው ሊያሳየው ዞር ቢል ጋሼ ወንበራቸው ላይ የሉም።

ውጭ፣ ግድግዳ ተደግፈው አገኛቸው። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

"ጋሼ፣ አሳፈርኩዎት?"

"እኔ ገጥሜ አላውቅም፣ ልጄ" አሉ። "አንድም ቀን። አስተማሪዬ ያሳየኝን ነው ያሳየሁህ። ውሸት ቢሆንስ እያልኩ እፈራ ነበር። ገና ነህ እያልኩ ይሄው ዕድሜህን..."

የጎሚስታው ደም ፈላ፤ ያ ሁሉ ዘመን! አፉን ሊከፍት ሲል ሽማግሌው እግሩ ስር በርከክ አሉ። "ኧረ ጋሼ፣ በፈጠረዎት ይነሱ!" ቢላቸው ማን ሰምቶት። ያበጠውን ቅልጥም በሁለት መዳፋቸው ያዙት።

"እውነት ነው እኮ" አሉ እየዳሰሱት። "አንተ ልጅ፣ እውነት ነበር እኮ!"