በሲባጎ ልክ

ስለ ጥድ የማያውቅ ሰው ስለ ጥድ ትዕዛዝ ሲሰጥ መስማት ከጥርስ ሕመም አይተናነስም። በ1976 ዓ.ም. ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ቦጋለ አዳራሹ መድረክ ላይ ቆሞ፣ «ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ከአዲሱ ገበያ ወደ ጳውሎስ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የጥድ አጥር በሙሉ አንድ ሜትር ሆኖ ይቆረጣል!» ብሎ ሲያውጅ፣ እኔ የኋላ ወንበር ላይ ጥርሴን ነከስኩ። ጥድ ሰልፈኛ አይደለም፤ ቁመትህን አስተካክል ቢሉት አይሰማም። ቦጋለ ግን ከሊቀመንበርነቱ በፊት ወፍጮ ቤት እህል መዛኝ ነበር፣ ስለ ጥድ ከየት ይወቅ? ቀና ሲታጣ ይመለመላል ጎባጣ ይባል የለ፤ እሱም እንደዚያው ነው የተመረጠው። በልጄ ዕድሜ ሆኖም «አንተ» ይለኛል።

ስሜ ቶለሳ ይባላል። የቀበሌው አትክልተኛ ነበርኩ። ከዚያ በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ኤምባሲ ግቢ ሠርቻለሁ። እዚያ አለቃዬ የነበረ ፈረንጅ አጥር ከመቆረጡ በፊት ግራና ቀኝ ችካል ተክሎ ሲባጎ መወጠርን አስተማረኝ። በሲባጎ ልክ የተቆረጠ አጥር ላይ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ብታስቀምጥ አይፈስም። ጉለሌ ውስጥ እንደዚያ አድርጎ የሚቆርጥ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን እኔም በደንብ አውቀው ነበር፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚሁ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሰፈሩ ዱር ይሆናል። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፣ ቦዩ በደለል ይደፈናል፣ አጥሩ ወደ መንገዱ ይዘረጋል። የዚያን ዓመት ደግሞ እንግዳ ያልፋል ስለተባለ ነዋሪው በሙሉ ለዘመቻ ወጣ። ገሚሱ ቦይ ይጠርጋል፣ ገሚሱ የመንገድ ዳር ድንጋይ ኖራ ይቀባል፣ ልጆች የአበባ ችግኝ ይተክላሉ። የቀረ ሰው ስሙ ይጻፋል። እኔ የአጥር መቀሴን ስዬ፣ ሲባጎዬን ጠቅልዬ ተነሳሁ፤ ሠላሳ ስምንት አጥር ይጠብቀኝ ነበር።

ከሠላሳ ስምንቱ አንዱ የወይዘሮ ገበያነሽ ነው። ጥዱን የተከሉት ባለቤታቸው አቶ አለማየሁ ነበሩ። እሳቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ መቀስ ነክቶት ስለማያውቅ አጥሩ የሁለት ሰው ቁመት አልፏል። ወይዘሮ ገበያነሽ በዚያ ግቢ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት ይባል ነበር። አንድ ልጃቸው አድነው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ግንቦት ላይ ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ አልተገኘም። አክስቱ ዘንድ ነቀምት ሄዷል አሉ። እኛም አመንን፤ ወይም ያመንን መሰልን።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ግቢያቸው ገብቼ ሣር አጨድኩላቸው። ከማዕድ ቤቱ ጀርባ፣ ከጥዱ ሥር፣ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ መደብ የሚያህል ቦታ ላይ ሣር አልነበረም። በዚያ ሁሉ ዝናብ፣ በዚያ ሁሉ ልምላሜ፣ መሬቱ ተጠቅጥቆ ይብለጨለጫል። ከዚያው በላይ የጥዱ ቅርንጫፍ በትከሻ ልክ ተሰባብሮ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አንድ ሰው በየቀኑ ጀርባውን የሚያስደግፍበት ቦታ ነው። ሰው ሊዋሽ ይችላል፣ ሣር ግን አይችልም።

«ጋሽ ቶለሳ፣ እዚያ ጋ ያለውን ሣር ይተዉት» አሉኝ ከኋላዬ።

«ምን ሣር አለውና?» አልኩ እንደ ጅል። ዞሬ ፊታቸውን ሳይ ገባኝ። ማጭዴን ይዤ ወጣሁ። ለሚስቴም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲያ ከወይዘሮ ገበያነሽ ጋር መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታችን ረዘመ።

አዋጁ በተነገረ ማግስት ቦይ ስንጠርግ አካፋቸውን ይዘው አጠገቤ መጡ። ቀና ሳይሉ ነው ያወሩኝ።

«አጥሬ ከተቆረጠ በቃ፣ አለቀልን። መጸዳጃችን ጥግ ላይ ነው። ከመንገድ ሁሉም ያየዋል።»

«ሊቀመንበሩን እኔ አናግረዋለሁ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን... አንድ ነገር ልለምንዎት። የኔን ብቻ አይተዉት። የጎረቤቴን የሳቢትንም ይተዉ፣ ከማዶም አንድ ሁለት ይተዉልኝ። ሁሉ አጥሮ አንዱ ብቻ ሲረዝም ዓይን ይስባል።»

«አይ ወይዘሮ ገበያነሽ፣ መስመሬ ይበላሻል» አልኳቸው። «አንዱን ላስረዳ እችላለሁ። ሦስት አራት ሲሆን ግን ምን እላለሁ?»

አካፋቸውን አንስተው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። የሰጠሁት ምክንያት ግማሹ እውነት ነበር። ሌላው ግማሽ የሲባጎዬ ፍቅር ነው።

ቦጋለን ለማሳመን አልተቸገርኩም፤ የነገርኩት እውነት ነውና። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሌሎቹን በየዓመቱ ስለምከረክማቸው እስከ ታች አረንጓዴ ናቸው። ይኼኛው ግን አርጅቷል። ልምላሜው ከላይና ከውጭ ብቻ ነው፣ ውስጡ ደረቅ እንጨት ነው። ጥድ ደግሞ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም። አንድ ሜትር ላይ ከቆረጥነው ለበዓሉ የቆመ ማገዶ ነው የምናሳየው» አልኩት።

«ማገዶ?» አለ ደንግጦ። «እንግዲያው ተወው። ግን ፊቱን አስተካክለው። ኃላፊነቱ ያንተ ነው።»

በነጋታው ደግሞ ሳቢት መጣ። ሳቢት የወይዘሮ ገበያነሽ ጎረቤት ነው፤ ሱቅ አለው፣ አጥራቸው ይያያዛል። ምን ያህል እንደሚያውቅ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ችካሌን ደጁ ላይ ስተክል እጁን ኪሱ ከቶ አየኝ።

«የኔንም ይተዉት ጋሼ።»

«ያንተ ጥድ ምን ሆነና? ጤነኛ ነው።»

«ጤነኛ መሆኑን ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቃል? እርስዎ ታሟል ካሉ ታሟል።»

«እኔ በዛፍ አልዋሽም» አልኩት።

ይህን ስናገር ደረቴን ነፍቼ ነበር። ዛሬም ድረስ ሳስታውሰው ራሴን እጠላዋለሁ። በሕይወቴ ስንት ትንንሽ ውሸት ዋሽቻለሁ፤ ለሚስቴ፣ ለፈረንጁ፣ ለቀበሌው። አንዲት ውሸት ሰው የምታተርፍበት ቀን ሲመጣ እውነተኛ ሆኜ አረፍኩት። ሳቢት «ይሁን እንግዲህ» ብሎ ገባ። አጥሩን እዚያው ቆረጥኩት።

አምስት ቀን ሠራሁ። ጳጉሜን 2 ከቀትር በኋላ የመጨረሻውን ጨርሼ አዲሱ ገበያ ጫፍ ላይ ቆምኩና አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ታች ተመለከትኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። መንገዱ ግራና ቀኝ አንድ ወጥ አረንጓዴ መደርደሪያ ሆኗል፣ ከሥሩ ድንጋዩ በኖራ ነጥቷል፣ ከሩቅ እንጦጦ ጥርት ብሎ ይታያል። ከመሐል የወይዘሮ ገበያነሽ አጥር ብቻውን ተገትሯል። ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይታያል። አየሁት፤ አላየሁም ብዬ አልምልም። ግን በዚያ ሰዓት የታየኝ የተበላሸው መስመሬ ነበር እንጂ የልጁ ነፍስ አልነበረም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሦስት ሰዎች በላንድሮቨር መጡ። አለቃቸው ካኪ የለበሰ ጎልማሳ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሳቂታ። ከመኪናው ወርዶ መዳፉን አጥር አናት ላይ አሳረፈና እየዳሰሰ መራመድ ጀመረ። ቦጋለና የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች ከኋላው ይሮጣሉ።

«ይኼን ማን ሠራው?» አለ ሰውየው።

ቆቤን አውልቄ ወጣሁ። እጄን ጨበጠኝ። «እንዲህ ነው ሥራ! ከተማው ሁሉ እንዳንተ ያለ ሰው ቢኖረው» አለኝ። ደስ አለኝ። ከልቤ ደስ አለኝ፤ እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ የሚሉት ይኼንን ነው።

መዳፉን እያንሸራተተ ሄዶ ሄዶ ሳቢት አጥር ላይ ደረሰ። ከዚያ እጁ ግድግዳ የሚያህል ጥድ ላይ ቆመ።

«ይኼስ?»

ቦጋለ እኔ ያልኩትን አንድ ሳያጎድል ደገመለት፤ ደረቅ እንጨቱን፣ አለማቆጥቆጡን፣ ማገዶውን። ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ።

«ስንት አጥር ነው የቆረጣችሁት?»

«ሠላሳ ሰባት፣ ጓድ።»

«እና ያረጀው ይኼ አንዱ ብቻ ነው?»

ቦጋለ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ቆቤን ተመለከትኩ። ከአብዮት ጥበቃዎቹ አንዱ፣ «ሴትዮዋ ጴንጤ ናቸው ጓድ» አለ። ያኔ ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ በየቤቱ ተደብቀው ይዘምራሉ ይባል ነበር።

«በሉ፣ መዝሙሩን ሰምታችሁ ኑ» አለ ሰውየው እየሳቀ። ጠብመንጃ የያዙ ሁለት ልጆች ገቡ። የሄዱት የመዝሙር ደብተር ፍለጋ ነው። ሲመለሱ አድነውን በሁለት ክንዱ ይዘውት መጡ።

አራት ወር ሙሉ ፀሐይ ያገኘው በዚያች በተጠቀጠቀች መሬት ላይ ብቻ ነው። ድንጋይ ተጭኖት የከረመ ሣር ድንጋዩ ሲነሳ እንዴት እንደሚነጣ አውቃለሁ፤ የልጁ ፊት እንደዚያ ነበር። ፀጉሩ ውስጥ የጥድ ቅጠል ተሰክቷል። ብርሃኑ አስጨንቆት ዓይኑን አጨንቁሮ ዙሪያውን ቃኘና እኔን ሲያይ፣ በጥሩ ቤት ያደገ ልጅ ነውና፣ አጎንበስ ብሎ፣ «ጋሽ ቶለሳ፣ እንደምን አደሩ» አለኝ።

ሰውየው መሳቁን አቆመ። «ታውቀው ነበር?» አለኝ።

ወይዘሮ ገበያነሽ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። አልጮኹም፣ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው እኔን ያያሉ።

«ከሕፃንነቱ አውቀዋለሁ» አልኩ። «እዚህ መኖሩን ግን አላውቅም። እኔ የማውቀው ጥድ ብቻ ነው።»

አድነውን መኪናው ላይ ጫኑት። እናቱ ጫማና ሹራብ ይዘው ሮጡ፤ ሹራቡን ተቀበሏቸው፣ ጫማው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ልጁን አላየነውም። ጥር ላይ ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ መጣ ሲባል ሰማሁ፤ ቀጥሎ ወደ ሰሜን ዘመተ ተባለ፤ ቀጥሎ ምንም አልተባለም። መንግሥት ሲለወጥ የስንቱ ልጅ በእግሩ እየኳተነ ገባ፤ እሳቸው ያቺን ጫማ ይዘው ጠበቁ። ሞተ የሚል ወረቀት ስላልመጣ ለቅሶ እንኳ አልተቀመጡም።

ያን ቀን ላንድሮቨሩ ከመንቀሳቀሱ በፊት ሰውየው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «አጥሩ ዛሬውኑ ይቆረጥ» አለ።

«ይደርቃል ጓድ» አልኩት። እንዲያ ብዬ የተከራከርኩት ለምን እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም።

«ይድረቅ።»

ቦጋለ ላብ በላብ ሆኖ መጋዝ አስመጣ፤ ያ ግንድ ለመቀስ የሚበገር አልነበረም። ሰው ተበተነ። ሳቢት ሱቁን ዘግቶ ገባ፣ አላየኝም። ችካልም ሲባጎም ሳላነሳ መጋዙን የመጀመሪያው ግንድ ላይ እንደ ነገሩ አሳረፍኩ፤ ቶሎ ጨርሼ ከዚያ ደጅ መጥፋት ነበር የፈለግኩት።

ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ወይዘሮ ገበያነሽ ናቸው። ከመሣሪያ ጆንያዬ ውስጥ ሲባጎውን አውጥተው፣ ችካሎቹን ታቅፈው መጥተዋል። ዓይናቸው ደረቅ ነበር።

«ሲባጎውን ይወጥሩ እንጂ ጋሽ ቶለሳ» አሉኝ። «መስመርዎ እንዳይበላሽ።»

ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ ቢረግሙኝም በወደድኩ። ድምፃቸው ግን ቁጣ አልነበረበትም። አንዱን ችካል ሳቢት አጥር ጥግ ላይ ተከልኩ። ሌላውን ልተክል ስዞር የሲባጎውን ጫፍ በእጃቸው ጠምጥመው፣ በአንድ ሜትር ልክ ወጥረው ይዘውታል።

«እኔ እይዘዋለሁ» አሉ። «ይቁረጡ።»

ቆረጥኩ። ግንድ በወደቀ ቁጥር ከጀርባው ግቢው ይገለጣል፤ መጀመሪያ ማዕድ ቤቱ፣ ቀጥሎ ጥግ ላይ ያለው መጸዳጃ፣ መጨረሻ ላይ ያቺ ሣር ያልበቀለባት መሬት። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ጨረስኩ። ከሳቢት አጥር ጋር አንድ ልክ ሆነ፣ ብርጭቆ ውሃ ቢቀመጥበት አይፈስም ነበር። ወይዘሮ ገበያነሽ የሲባጎውን ጫፍ እስከዚያ ሰዓት አልለቀቁም።