ለፋሲካ የተባለው አውራ ዶሮ

የሺወርቅ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ባዶውን ጄሪካን ከፊቷ አስቀድማ ነበር፤ እንደ ጋሻ። ቀዩ አውራ ዶሮ አንድ ክንፉን መሬት ላይ እየጎተተ በጎን በኩል ይመጣና ድንገት ተስፈንጥሮ በእግሩ ሹል ይመታታል። ባቷ በጭረት ተዥጎርጉሯል።

ዶሮውን ያመጣው ባሏ ታዲዮስ ነው። አንገር ጉቲን እርሻ ላይ ተቀጥሮ ስለሚሠራ ነቀምቴ ብቅ የሚለው በዓል ሲሆን ነው። ለጥምቀት መጥቶ ሲመለስ፣ «ይሄን ለፋሲካ እናርደዋለን፤ አደራ» ብሏት ሄደ። እሷም ቃሉን አጥብቃ ይዛ ቀረች።

እሷን ቢመታ ግድ አልነበራትም። የምትፈራው ለልጇ ለእየሩስ ነው። ልጅቱ ገና አራት ዓመቷ ነው፤ ዶሮው ሲዘል ፊቷ ላይ ይደርሳል።

መጀመሪያ በመጥረጊያ መታችው። ባሰበት። ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ ሩክያ ይህን አይታ ሳቀች።

«አካም ቡልቴ፣ ሃዳ እየሩስ!» አለቻት በኦሮምኛ፤ እንዴት አደርሽ፣ የእየሩስ እናት ማለቷ ነው። «ከዶሮ ጋር ቡጢ ገጠምሽ?»

«አታሹፊብኝ። ዛሬም ልጅቷ ላይ ሊዘልባት ነበር።»

«በመታሽው ቁጥር እኮ ሌላ አውራ የመጣበት ይመስለዋል። ክንፉን ሰብስበሽ ብብትሽ ውስጥ ሸጉጪው፤ እስኪበርድለት ይዘሽው ዙሪ። እናቴ ከወሎ ይዛው የመጣችው ብልሃት ነው።»

የተባለችውን አደረገች። ሁለት ቀን ሰከነ። በሦስተኛው እየሩስን ከኋላዋ መትቶ በግንባሯ ደፋት። ያን ቀን ሩክያ አልሳቀችም።

«ስሚኝ የሺ፣ ይሄ የሚገራ አይደለም። ለኔ ስጪኝ፤ ዛሬውኑ አሳርደዋለሁ። በምትኩ ያን ነጩን፣ ገራሙን ውሰጂ። ለፋሲካሽ እሱ ይበቃሻል።»

የየሺወርቅ ልብ እሺ አለ፤ አፏ ግን እምቢ አለ። ራሷ እንዳታርደው ጾም ነው፤ ደግሞ ሴት ቢላ አታነሳም። የበዓል ተብሎ የተሰየመ ዶሮ በሁዳዴ መካከል ከሙስሊም ጎረቤት ድስት ገባ ቢባልስ? ደውላ ታዲዮስን እንዳትጠይቀው እርሻው ላይ ስልክ አይሠራም።

«ታዲዮስ አደራ ያለኝ እሱን ነው» አለች። «አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው። አስረዋለሁ።»

«ለዶሮ ይሄን ያህል አደራ!» አለች ሩክያ ራሷን እየነቀነቀች። «እንደወደድሽ።»

እግሩን በሲባጎ ከዘይቱኑ ዛፍ ጋር አሰረችው። ሲባጎውን ግን አስረዘመችለት፤ ፀሐይ ሲበረታ ጥላው እንዳይርቀው አዝናለት።

በጸሎተ ሐሙስ ጉልባኑን ቀቅላ አወጣች። ለእየሩስ በጣሳ ሰጥታት ድስቱን ልታጥብ ጎንበስ አለች። ልጅቱ እፍኝ ዘግና ወደ ዛፉ ስትሄድ አላየቻትም። ድምጿን ብቻ ሰማች።

«ና ብላ፣ አንተም በዓልህ ነው።»

ከዚያ የክንፍ ድምፅ፣ ከዚያ ጩኸት።

ቀና ስትል ልጇ ግራ ዓይኗን በእጇ ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ በጣቶቿ መሐል ደም ይወርዳል። ዶሮው የተበተነውን ስንዴና ባቄላ ይለቅም ነበር።

ሩክያ በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች። ባጃጅ አስቁማ ሆስፒታል አደረሰቻቸው። መንገዱን ሁሉ «ብዬሽ ነበር» አላለችም። ብትላት ለየሺወርቅ ይሻላት ነበር።

ታዲዮስ ቅዳሜ ለበዓሉ መጣ፤ ሩክያ ጠቁማው ሆስፒታል ደረሰ። ኮሪደር ላይ ቆማ ሁሉንም ነገረችው።

«ለምን አልሰጠሻትም?»

«አደራ ብለኸኝ…»

«ዶሮ ነው እኮ ያልኩሽ፣ የሺ! ዶሮ!» ድምፁ ተሰበረ። «ሌላ ዶሮ አጥተን ነው?»

እሱም ቤት ሄዶ ዶሮውን አረደውና ላባውን እንኳ ሳይነጭ ከጓሮ ቀበረው። ፋሲካን ሦስቱም እዚያው ሆስፒታል ዋሉ፤ እየሩስ ዓይኗ በፋሻ ታሽጎ ተኝታ ነበር። ከጎን ያሉ አስታማሚዎች ዳቦ ቢያቀብሏት የሺወርቅ ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ሰኞ ጠዋት ሐኪሙ መጥቶ ፋሻውን ፈታ። እብጠቱ ጎድሏል፤ ዓይኑም ተከፍቷል። የሺወርቅ «ተመስገን» ልትል ነበር። ሐኪሙ የልጅቱን ደህና ዓይን በመዳፏ እንድትሸፍን ለእናቲቱ ነገራት፤ ስትሸፍንላት ከልጅቱ ፊት ብርቱካን ያዘ።

«ምን ይታይሻል፣ የኔ ቆንጆ?»

እየሩስ ፈገግ አለች።

«እማዬ፣ መጀመሪያ እጅሽን አንሺልኛ! ሁለቱንም ሸፈንሽብኝ እኮ።»