ስባሪውን የሚይዝ እጅ

ብረት ሲበጠስ ይጮኻል። ማሽኑ ከላይና ከታች ነክሶ ሲስበው መጀመሪያ ዝም ብሎ ይለጠጣል፤ ከዚያ ወገቡ ላይ ይቀጥናል፤ ከዚያ ጧ! ማሽኑን የምታሠራው ልጅ ሁልጊዜ ትደነግጣለች። ድምፁ እንደሚመጣ እያወቀች፣ ቀኑን ሙሉ ስትሰማው እየዋለች፣ ትደነግጥና ደረቷን ይዛ ትስቃለች። ያንን ሳቅ ከአጠገቧ ሆኜ የምሰማው እኔ ነበርኩ። አሁን ሽቶው ይሰማዋል።

ሽቶው ያልነው እኛው ነን። ብረት ለመበጠስ ሽቶ ውስጥ ተነክሮ የሚመጣ ሰው ሌላ ምን ይባላል? ጋሼ፣ አለቃችን፣ እሱን የቀጠሩት ዕለት እኔን ብረት እየሾረ ወደሚቀረጽበት የቶርኖ ክፍል አዛወሩኝ። «እንዳንተ አድርጎ ናሙና የሚያወጣልኝ የለም። ይሄ ልጅ ቶርኖ ቢነካ ጣቱን በወረቀት ጠቅልሎ ነው የሚያመጣልኝ» አሉኝ። ምስጋና መሆኑ ነው። እንደዚያ የከፋኝ ምስጋና አላውቅም።

በቶርኖውና በመፈተሻው ክፍል መካከል መስታወት አለ። እኔ ወዲህ ማዶ ብረቱን እያሾርኩ ለስላሳ የናሙና ዘንግ አደርገዋለሁ፤ እነሱ ወዲያ ማዶ ይበጥሱታል። ሳይሳብ በፊት ሁለት ነጥብ ይመታበታል፤ በነጥቦቹ መካከል ልክ ሃምሳ ሚሊ። ከተበጠሰ በኋላ አንዱ ሁለቱን ስባሪ ገጥሞ አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላው ከነጥብ እስከ ነጥብ በካሊፐር ይለካል። ሃምሳው ሃምሳ ስምንት ከሆነ ስምንት ተለጥጧል፤ ስምንት ለሃምሳ ሲካፈል ዐሥራ ስድስት በመቶ። ከዚያ ያነሰ ብረት ለብሎን አይሆንም፤ ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። የሳበውን ኃይል ለብረቱ ስፋት አካፍላ ጥንካሬውን ስታወጣ ማንም አያስፈልጋትም። መለጠጡን ስትለካ ግን የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታል። ካሊፐሩን ለማንበብ ጎንበስ ስትል ደግሞ ፀጉሯ የያዡን እጅ ይነካል።

ያ እጅ የእኔ እጅ ነበር። ያንን ብቻ ነው የምፈልገው። ሌላ ነገር ጠይቄ አላውቅም።

ታላቅ እህቴ አንድ ማታ ራት አቅርባ ቁጭ ብላ አየችኝ።

«ምን ሆነህ ነው ጣቶችህን የምትቆጥረው? አንዱ ጎደለ?»

«ምንም አልሆንኩም እትዬ።»

«ቀንተሃል። ፊትህ ጠቁሯል። ለመሆኑ ነግረሃታል?»

«ምን ብዬ?»

«ምን ብዬ ይላል እንዴ! አንተው አይደለህ የነገርከኝ፣ ብረት እንኳ ሲብስበት ይጮኻል ብለህ? አንተ ግን ትንፍሽ አትልም። ብላ አሁን፣ ይቀዘቅዛል።»

በማግስቱ የብሎን ብረት ተጭኖ መጣና ናሙናውን እኔ አወጣሁ። በመስታወቱ አያለሁ። ጧ! ደነገጠች፣ ሳቀች። ሽቶውም ሳቀ፤ ምን ያስቀዋል? ስባሪዎቹን አንስቶ ገጠማቸው። እሷ ጎንበስ አለች። እሱ የሚያየው ብረቱን አልነበረም፤ ማጅራቷን ነበር። እጁ ላላ ብሏል። ያኔ በሁለቱ ስባሪ መካከል ቀጭን ብርሃን አየሁ።

«ሃምሳ ስምንት ነጥብ አንድ!» አለች። ብረቱ አለፈ።

ልቤ በደስታ ዘለለ። ለብሎኑ ያዘነ ሰው እንደዚያ አይደሰትም። ቱታዬን እንኳ ሳላራግፍ ጋሼ ቢሮ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ልጁ ስባሪውን አያጠብቅም። ክፍተት ይተዋል፤ ክፍተቱም አብሮ ይለካል።»

«አንተ በየት አየህ?»

«በመስታወቱ።»

«ቶርኖው እየዞረ?»

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ተነሡ፤ ተከተልኳቸው። ስባሪዎቹን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ለእኔ ሰጡኝ። «በል ያዝ። አንቺ ለኪ።»

ያዝኩ። ብርሃኑ ጠፋ። ጎንበስ አለች፤ ፀጉሯ እጄን ነካኝ። ሳትጨርስ እንድትቆይ ብቻ ለመንኩ።

«ሃምሳ ሰባት ነጥብ ስድስት» አለች። ድምጿ እንደ ወትሮው አልነበረም።

ጋሼ በቃላቸው አሰሉት። «ዐሥራ አምስት ነጥብ ሁለት። ወድቋል።»

«ጋሼ፣ ያው ብረት እኮ ነው!» አለ ሽቶው።

«ብረቱማ ያው ነው። አያያዝህ ነው ሌላ።»

አሁን ይሉታል ብዬ ጠበቅኩ፦ ከዛሬ ጀምሮ አንተ ትይዝላታለህ። እሷ ወደ እኔ ዞረች። ደስ ያላት መስሎኝ ፈገግ ልል ስል ዝቅ ባለ ድምፅ «ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

ጋሼ ቀጠሉ። «የሰው እጅ አንዴ ይጠብቃል፣ አንዴ ይላላል። ደግሞም ዓይን የሄደበት ይሄዳል።» ይህን ሲሉ ያዩት ሽቶውን ብቻ አልነበረም። «አንተ ባለ ሙያው፣ ስባሪዎቹን ገጥሞ የሚይዝ ትንሽ ሞርሳ ሥራልኝ። ከእንግዲህ ማንም አይይዝላትም።»

ሠራሁት። አበላሽቼ ልሠራው አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሁለት መንጋጋ፣ አንድ መዘወሪያ፤ አንድ ጊዜ ሲዞር ስባሪና ስባሪ ያልተለያዩ ይመስል ይገጥማል። ስወስድላት ሞከረችው። አስገባች፣ አዞረች፣ ለካች። ብቻዋን።

«እጅህ ይባረክ!» አለችኝ። «እንዲህ ዓይነት ነገር መሥራት እየተቻለ፣ እስከ ዛሬ በከንቱ ሰው ሳስቸግር ኖሬያለሁ!»

ኩርፊያዋ ጠፍቷል። ምነው ባልጠፋ ብዬ ተመኘሁ።

ሽቶው ሥራ ስላጣ ቶርኖ እንዳስተምረው ወደ እኔ ተላከ። አሁን ጎን ለጎን ቆመን እንሠራለን፤ የሽቶው ሽታ ከቶርኖው ዘይት ጋር ተደባልቆ ራስ ያዞራል። በመስታወቱ ሁለታችንም እናያለን። ከሥራ ከመውጣቷ በፊት ንጹሕ ጨርቅ ታወጣለች። ሞርሳውን ትወለውለዋለች፣ ዘይት ጠብ ታደርግበታለች፣ መዘወሪያውን በመዳፏ ትይዝና ቀስ ብላ ታዞረዋለች፤ እየሠራ መሆኑን ለማረጋገጥ ብቻ።

«ታድሎ!» አለ ሽቶው ትናንት፣ በረጅሙ ተንፍሶ።

«ማን?»

«ሞርሳው ነዋ።»

«ጣትህን ጠብቅ» አልኩት፤ ዓይኔን ግን ከመስታወቱ አላነሳሁም።