መትረየስ ስልክ ስትመርጥ

ሁለቱ ስልኮች በምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ከመነጽሯ ማኅደር ግራና ቀኝ ተጋድመዋል። በሁለቱም ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋለች፤ «ተከሳሽ ቀርቦ የእምነት ክህደት ቃሉን ሰጥቷል» የሚል። አይፎኑ ላይ «ቀርቦ» ተደግሞ፣ ሰውዬው ሁለት ጊዜ ቀርቧል። አንድሮይዱ ላይ ደግሞ ተከሳሹ «ተካሳሽ» ሆኖ፣ ካሣ ሊቀበል የመጣ ይመስላል። መነጽሯን አውልቃ ለብቻዋ ሳቀች።

ሠላሳ አንድ ዓመት የፍርድ ቤት ታይፒስት ነበረች። ቁልፎቹን ስትመታ ድምፁ ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማ ስለነበር የችሎት ሰዎች «መትረየስ» ይሏት ነበር። ጡረታ ስትወጣ ስሙም አብሯት ወጣ፤ ልጆቿ እንኳ ሊያበሽቋት ሲፈልጉ ይጠሯታል።

አሮጌው ባለቁልፍ ስልኳ ባለፈው እሑድ ጭጭ ሲል ነበር ነገሩ የተነሣው። ነርሷ ልጇ የቀድሞ አይፎኗን ከመሳቢያ አውጥታ አመጣችላት። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ልጇ ደግሞ ትርፍ አንድሮይዱን ይዞ ከተፍ አለ። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እኅት እንደ ኳስ ደጋፊ ተያያዙ።

«እማዬ፣ ይሄ ምንም ጣጣ የለውም። እንደተሰጠሽ ትጠቀሚበታለሽ» አለች ነርሷ።

«ችግሩስ እሱ አይደል? እንደተሰጠሽ ነው» አለ ወንድሟ። «ይሄኛውን ግን እንዳሻሽ ታገላብጪዋለሽ።»

«ሁለቱንም ተዉልኝና አንድ ሳምንት ልመርምራቸው» ብላ ገላገለቻቸው። ድሮም እንዲሁ ናት። መሥሪያ ቤቱ አዲስ የጽሕፈት መኪና ባስገባ ቁጥር፣ ሌሎቹ አሠልጣኝ ሲጠብቁ እሷ ጎንበስ ብላ ከሥሩ ታየው ነበር።

ሳምንቱ ዛሬ ሞላ። ልጆቿ ለምሳ ይመጣሉ፤ ውሳኔዋንም ይሰማሉ።

ልጆቿ የማያውቁት ነገር አለ። ከስምንት ወር ወዲህ ቀኝ እጇ ይንቀጠቀጣል። ጭኗ ላይ ስታሳርፈው ጸጥ ይላል፤ አንድ ነገር ሊነካ ሲል ይጀምራል። መጀመሪያ ደንግጣ ነበር፤ እያደር ግን እንደ አዲስ የጽሕፈት መኪና ታጠናው ጀመር። ጠዋት ከከሰዓት ይሻላል። ሰው ሲያየው ይብስበታል። ብርጭቆው ግማሽ ከሆነ ይታዘዛል፣ ሙሉ ከሆነ ያምፃል። ይህን ሁሉ እያወቀች ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ልጇ ነርስ ናት፤ አንዴ ካየች ቀጠሮው፣ ምርመራው፣ «ብቻሽን መኖር ይብቃሽ» የሚለው ይከተላል። ስለዚህ ልጆቿ በመጡ ቁጥር እጇ የሹራቧ ኪስ ውስጥ ይደበቃል።

ዓረፍተ ነገሩን ልታርም ስትሞክር ጣቷ ስቶ አይፎኑ ላይ የማታውቀውን የማስተካከያ ገጽ ከፈተ። ልትመለስ ስትል አንድ መስመር ያዛት። ጣት ምን ያህል ሲቆይ እንደተነካ ይቆጠር ብሎ ይጠይቃል። ከሥሩ ደግሞ፣ ተደጋግሞ የሚመጣን ንክኪ እንደ አንድ ልቁጠረው ወይ ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ይህን ያሰበ ሰው እጇን የት አየው? የማታውቀው ሰው፣ በማታውቀው ክፍል ተቀምጦ፣ ስለ እንደዚህ ያለ ጣት ተጨንቋል።

አበራችው። ከዚያ አላስችል ስላላት አንድሮይዱንም መበርበር ጀመረች። እሱም አለው፤ በሌላ ጥግ፣ በሌላ ስም። እሱንም አበራች። ቀስ ብላ ስትጽፍ ተከሳሹ በሁለቱም ላይ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በገዛ ስሙ ቀረበ።

እንግዲህ አቻ ወጡ። ለእጇ የትኛውም ይሆናታል።

ግን አንደኛው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ከመመለሱ በፊት ያበራችውን ማጥፋት አለባት። ልጁ ቢያገኘው ተበላሸ ብሎ ያስተካክለውና ይረሳዋል። ልጅቷ ግን ለምን ሳትል አታልፍም። ጣቷን አይፎኑ ላይ ዘርግታ ለረጅም ጊዜ ቆየች። ከዚያ ሳታጠፋው ሰበሰበችው።

ምሳ ተበልቶ ሳህኖቹ ሲነሡ፣ «አንድሮይዱን ወስጃለሁ» አለች።

ልጁ ጎል እንዳገባ ሰው ሁለት እጆቹን አነሣና ወዲያው ቁጥሮቿን ሊያስገባላት ተቀመጠ።

«እኔ ደግሞ ይሄኛውን የምትመርጪ መስሎኝ ነበር» አለች ነርሷ፣ ቅር ብሏት።

«ያንቺም ጥሩ ነው፤ ምንም አይወጣለትም። ውሰጂው።»

ነርሷ ልትከፍተው ነካ አደረገችው። ዝም አላት። ደግማ ነካችው። «ምን ነክቶት ነው?»

«ምንም አልሆነ። አንቺ ቸኩለሽ ነው» አለች እናቷ። «ጣትሽን ትንሽ አቆዪው።»

አቆየችው፤ ተከፈተ። ነርሷ አንድ ሁለት ገጽ ገልጣ፣ ጣት ምን ያህል ይቆይ የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። ወንድሟ በዚያ በኩል ስልኩ ዘገየብኝ እያለ፣ ቁጥር እየጠራ ይጽፋል። ቀና ብላ መጀመሪያ የእናቷን ፊት፣ ቀጥሎ የሹራቧን ኪስ አየች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ እማዬ?» አለች በዝግታ።

መትረየስ እጇን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ይህን ያህል ጊዜ ብቻዋን ስትከታተል የኖረችውን ነገር ሰው ሲጠይቃት የመጀመሪያው ነውና፣ ከየት እንደምትጀምር ግራ ገባት። የሚገርመው፣ መናገሩ እያጓጓት ነበር።

«ብዙ ያየሁት ነገር አለ» አለች። «ወንበርሽን ወደዚህ ሳቢው።»