የቱ ከየቱ ጋር?

መምህርት ተስፋነሽ ሰበታ ውስጥ አምስተኛ ክፍል ሒሳብ ማስተማር ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ሥልጠና ሲባል ደሟ ይፈላል። ለእሷ ሥልጠና ማለት ቅዳሜዋን በልቶ፣ የታሸገ ውኃና ሰርተፍኬት ሰጥቶ የሚሸኝ ነገር ነው። እናም «የተለያየ ፍላጎት ያላቸውን ተማሪዎች ማሳተፍ» ለሚል ሥልጠና ስትጠራ፣ የምታርመውን የፈተና ወረቀት በፌስታል ይዛ ሄደችና ኋላ ወንበር ላይ ተሰየመች።

አሠልጣኟ ገለቴ የምትባል፣ በዕድሜ እኩያዋ የምትሆን ዓይነ ስውር መምህርት ነበረች። «አካም ቡልተን» ብላ ሰላምታ ሰጥታ፣ ነጭ ዘንጓን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣ «እስቲ አንድ ሰው ክፍልፋይ ያስተምረኝ» አለች።

ሁሉም አንገቱን ደፋ። ከተስፋነሽ ጎን የተቀመጠው መምህር ዲሪርሳ ግን፣ «ተስፋነሽ አለችልሽ! በሒሳብ የሚስተካከላት የለም» ብሎ አጋፈጣት።

እየተነጫነጨች ወጣች። ጠመኔ አንስታ ጻፈች፤ ልምዷ ነውና ወዲያው ገባችበት። «ይኸውላችሁ፣ ይህን ከዚህ ጋር ስንደምረው ይህ ይመጣል። ግልጽ ነው?»

«የቱን ከየቱ ጋር?» አለች ገለቴ።

«ይህን… ከዚህ ጋር።»

«እሺ፣ የቱን ከየቱ?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ተስፋነሽም ሳቋ አመለጣት፤ ፊቷ ግን ቲማቲም መሰለ። ለካ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ይህ» እያለች ሰሌዳ ስትደበድብ ኖራለች!

«አይዞሽ፣ እኔም ልጅ ሳለሁ ‹ይህ› የሚባል ቁጥር ያለ ይመስለኝ ነበር» አለች ገለቴ። ከቦርሳዋ ብርቱካን አውጥታ ሰጠቻት። «አስጨብጪኝ፤ በቃልሽም ንገሪኝ።»

ተስፋነሽ ብርቱካኑን ልጣ ፈለቀቀችው፤ አሥር ክፋይ ወጣው። «በቀኝ እጅሽ ግማሹ፣ አምስት ክፋይ። በግራሽ አንድ አምስተኛው፣ ሁለት ክፋይ። ሲደመሩ ከአሥሩ ሰባት።»

«አሁን ገባኝ» አለች ገለቴ፣ አንዱን ጎረስ አድርጋ። «ኧረ ስድስት ሆነ!»

የፈተናው ወረቀት ሳይታረም ዋለ።

ሰኞ ዕለት ተስፋነሽ ቆርኪ ሰብስባ ክፍል ገባች። ለየቡድኑ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት አደለች። «ሲሶውንና ሩቡን አውጡና ደምሩ» አለች።

ትህትና የምትባል ተማሪ ነበረቻት። አባቷ ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ ከወላይታ ከመጡ ገና ሁለት ወራቸው ነው። ልጅቷ ትንፍሽ ስለማትል ተስፋነሽ «ዓይን አፋር ናት» ብላ ትታት ነበር። ትህትና አራት ቆርኪ ለየች፣ ሦስት ጨመረችና፣ «ላፑና» ብላ አጉተመተመች።

«ምን አልሽ?»

ልጅቷ ደነገጠች። «ሰባት… ሰባት ማለት ነው፣ ቲቸር።»

«ጎበዝ! ከአሥራ ሁለት ሰባት። በይ እኛንም አስተምሪን። ላፑን?»

«ላፑና» አለች ትህትና፣ ፈገግ ብላ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ተቀበላት።

በማግስቱ ትህትና ሳትጠየቅ እጇን አወጣች። መልሱን ስታዋለች። ተስፋነሽ ግን እንደዚያን ቀን የተሳሳተ መልስ ደስ ብሏት አያውቅም።